እትዬ ወሰን

ሉባባ የደወለችልኝ እሑድ ቀን ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እኔ ባለሁበት የዓረብ አገር ከተማ እንደኔው በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ሰፈራችን ቢራራቅም በስልክ እንጠያየቃለን። ስልኩን እንዳነሳሁት፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ፣ «ለእትዬ መዲና እግዜር ያጥናሽ፤ እስከ ዛሬ ሳልደውል መቅረቴን አፉ በይኝ» አለችኝ።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላዋዬን አስቀመጥኩና «ለማን አልሽኝ?» አልኳት። አለመስማቴን ሉባባ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ አልያዝኩትም። እትዬ መዲና ረቡዕ ዕለት ኮምቦልቻ ልጇ ቤት ማረፏን፣ በዚያው ቀን ወደ ደሴ ወጥታ መቀበሯን፣ ዓርብ ሆጤ ሰፈር ቤቷ የሙት ሰደቃ መበላቱን ከራሷ እህት እንደሰማች ነገረችኝ። ደጋግማም አፉ በይኝ አለች፤ እንደ ጥፋተኛ።

ነገሩን መጠርጠር ነበረብኝ። እትዬ መዲና ረቡዕና ዓርብ፣ ቀትር አለፍ ሲል፣ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር። አጭር ናት። «አብሽሪ አስካለ። ዛሬ ረቡዕ ነው። እቴ ሽሮዋን በልታለች፤ አማትባለች።» እቴ የምትላት እናቴን ነው። ከዚያ ወዲያ የምትጨምረው የለም፤ ብትጨምርም ስለ ደሴ ብርድ ነው። በዚያ ሳምንት የረቡዕዋ መልእክት ቀረች። ዓርብም ቀረች። ከእናቴ ጋር ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለወርቅነሽ ደወልኩ። «እማማ ደህና ናት» አለችኝ። እትዬ መዲናስ ብላት፣ «ብርዱ አልስማማት ብሎ ኮምቦልቻ ሄዳለች» አለች። ቃሉ ውሸት የለበትም። መጨረሻውን ብቻ ነው የቆረጠችው።

አልፈርድባትም። በእኛ አገር ለሩቅ ሰው መርዶ ይደበቃል። ወግ ነው፤ ሰው ተሰባስቦ፣ ማልዶ በር አንኳክቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚያረዳው። የእኔን በር ማን ያንኳኳል? ስለዚህ ዝም ይላሉ፤ ስለሚወዱኝ ነው። ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ «ደህና ናት» የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልፎ አልገባ አለኝ። አንዱን ከደበቁኝ ሌላውን ላለመደበቃቸው ምን አውቃለሁ? እናቴም ደህና ናት ይሉኛል። በየቀኑ እደውላለሁ፤ በየቀኑ ደህና ናት።

እኔና እናቴ ክርስቲያኖች ነን። እትዬ መዲና እስላም ናት። ሆጤ ውስጥ የእኛ ቤትና የእሷ ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው፤ እሷ ስታስል እኛ ቤት ይሰማል፤ እናቴ ስትጸልይ እነሱ ቤት ይሰማል። የተወለደችው ቢስቲማ አጠገብ ገጠር ነው፤ ደሴ የመጣችው በሙሽርነቷ። ባሏ ጋሽ እንድሪስ እኔ ልጅ ሳለሁ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስኳርና ሳሙና፣ ክብሪትና ሻማ የምትሸጥባትን ጠባብ ሱቅ ይዛ ልጇን ሰዒድን ብቻዋን አሳደገች። ረጅምና ቀጭን ነበረች። ደረቷ ያፏጫል፤ አስም አለባት። ሻሿን ሁልጊዜ እስከ ቅንድቧ ድረስ አጥብቃ ስለምታስረው ግንባሯን አይቼው አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ወሰን» ያልናት እኛው ነን። በፊቷ አንልም ነበር። ወሰን የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። ሻይ ላይ ስኳር ሲበዛ «ወሰን አለው» ትላለች። ቀልደኛ ሰው ቀልዱን ሲያስረዝም ወሰን አለው። ሙሾ አውራጇ ደረት ስትደቃ ወሰን አለው። ከፒያሳ በባጃጅ ስንመለስ ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ከፈጠነ፣ ከኋላ ትከሻውን በጣቷ ነካ ታደርግና «አንተ ልጅ፣ እናትህ አንድ ናት፤ ወሰን አለው» ትለዋለች። አንዱ ሹፌር፣ «እማማ፣ እርስዎ የመንገድ ትራንስፖርት ነዎት?» ብሏት ነበር። «አይ፣ ተሳፋሪ ነኝ። የምሞተው እኔ ነኝ» አለችው። ባጃጇ እስክትቆም ድረስ እየሳቀ ነዳ፤ ቀስ ብሎ ግን ነዳ።

ይህን ስትል እጇ ዝም አይልም። የቀኝ መዳፏን ጎን፣ እንደ ቢላዋ፣ ጉልበቷ ላይ ወይ ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ቆርጣ አትመታም፤ በቀስታ ነው የምታስቀምጠው፤ ልክ ከዚህ ወዲያ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል።

ልጅ ሆኜ ቃሉ ያስጠላኝ ነበር። ወሰን ማለት ለእኔ ክልከላ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ፣ ይህን አትንኩ፣ እዚያ አትድረሱ። አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ ተቀምጬ ምን ሆነሽ ነው ይህን ቃል የምትወጂው ብዬ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ስለ አባቷ እርሻ ነገረችኝ። የአባቷና የጎረቤታቸው ማሳ መካከል ሞፈር የማያርፍባት ቀጭን መሬት አለች። ማንም አያርሳትም። ሣር ይበቅልባታል፤ የሁለቱም ቤት ጥጃ ይግጥባታል። ገበሬዎቹ በሬ ሲያሳርፉ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያች ሣር ላይ ነው፤ አንዱ ከወዲያ፣ አንዱ ከወዲህ መጥቶ። የጎረቤታቸው ልጅ ከዓመት ወደ ዓመት በትንሽ በትንሹ እያረሰ ያችን መሬት ገፍቶ ሲጨርሳት ግን ሁለቱ ቤቶች የሚቀመጡበት አጡ። ማሳው ሰፋ እንጂ ሰው አልሰፋም አለችኝ። «አጥርማ እንዳይገቡብሽ ነው የምታጥሪው። ወሰን አንቺው እንዳትገፊ የምትተዪው ነው» አለችና መዳፏን በመካከላችን አግዳሚው ላይ አሳረፈች። ያኔ የገባኝ ግማሹ ነው።

ለነገሩ በቃል የምታስተምር ሴት አልነበረችም። በአረፋ ለእኛ የምትልክልን ዶሮ ከነነፍሷ ነበር የምትመጣ፤ እግሯ ታስሮ፣ እየጮኸች። የእስላም እርድ እንደማንበላ ታውቃለች፤ ስለዚህ ያልታረደውን ትልካለች። እናቴም በፋሲካ እንደዚያው ታደርጋለች። ሰዒድ ዶሮዋን ታቅፎ ሲገባ ላባው አፍንጫው ላይ ተለጥፎ ነበር የሚገባው። እንግዲህ ሁለቱ ሴቶች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከአንድ ሥጋ ወጥ አልበሉም። ከእነሱ የበለጠ የሚዋደዱ ጎረቤታሞች ግን አላየሁም። ይህን የምጽፈው ተጣልተው አያውቁም ለማለት አይደለም። እትዬ መዲና አፏ ይሻክራል። ሰው የሚደብቀውን ቁስል ሳይጠይቋት ትነካለች። እናቴን ልጅሽን አሞላቀቅሽ ብላ ተቆጥታ፣ እናቴም የራስሽን ልጅ አሳድጊ ብላት፣ ግድግዳው በሁለቱም በኩል ለብዙ ቀን ዝም ብሎ ያውቃል። ያስታረቃቸው የእሷ ሳል ነው። በግድግዳው ሲሰማ እናቴ አልቻለችም፤ ዳማከሴ ይዛ ሄደች።

የሰዒድ ሰርግ ኮምቦልቻ ነበር። እዚያ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ የዚያውን አገር ልጅ አገባ። እኔና እናቴ ከዋዜማው ጀምሮ ለሥራ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርደን ነበር። ሁለት ዳስ ተጣለ፤ የእስላሙ ወገን ድስት በአንድ በኩል፣ የክርስቲያኑ በሌላ በኩል። የክርስቲያኑን በሬ ክርስቲያን ነው ያረደው። በወሎ ሰርግ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ምሳ ሊቀርብ ሲል ከሙሽራዋ ዘመዶች አንዷ ከእስላሙ ድስት እየጨለፈች ሳለ፣ የክርስቲያኑ ድስት ሥር ሲይዝ ሸተታት። ደግ ሴት ናት፤ ሊያርር ነው ብላ ሮጠች፤ የያዘችውን ጭልፋ እንደያዘች ገብታ አማሰለችው።

ያየችው እትዬ መዲና ናት። እህቷ እትዬ ሐዋም አይታለች። እኔ ሰሐን እያደረቅኩ ነበርና የተባባሉትን ሰማሁ። እትዬ ሐዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ማንም አላየም፣ ጭልፋ ነው፣ ሥጋ አልገባ፣ ዛሬ የልጅሽ ቀን ነው ዝም በይ አለቻት። እትዬ መዲና ድስቱን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወደ ክርስቲያኖቹ ዳስ ገባች። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል።

«እንግዶቼ» አለች፣ «የእናንተ ድስት ተነክቷል። በግ ይታረድላችኋል። እስኪደርስ ታገሡኝ።»

ሰዒድ የሙሽራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፤ ሰርጌን የድስት ሸንጎ አደረግሽው አላት፤ በጎረቤት ፊት አዋረድሽኝ አላት። ጭልፋዋን የያዘችው ሴት ጥግ ሆና ታለቅሳለች፤ እትዬ መዲና አልፋት ስትሄድ ራሷን ዳበስ አድርጋ ሄደች። በመጨረሻ ነገሩን ያቀለሉት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ከሆጤ አብረውን የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። «እኔስ ከሁለቱ ድስት የትኛው እንደሚጣፍጥ ሳላውቅ ልሞት ነው ስል፣ ጥሩ አጋጣሚ መጥቶልኝ ነበር፤ አንቺ አበላሸሽብኝ» አሏት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። በጉ ታረደ። ምሳ የበላነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ተርበን ስለነበር ነው መሰለኝ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወጥ የለም።

ማታ እግሯን ስታሻሽ አጠገቧ ሆኜ ቢያልፍስ ምን ነበር አልኳት። «እነዚያ ሰዎች ወጡን አይተው መሰለሽ የመጡ? እኔን አይተው ነው። ያላዩትን ካበላኋቸው ከእንግዲህ ምኔን አይተው ይመጣሉ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ሰዒድ ለወራት አኩርፏት ነበር። በኋላ የራሱ ልጅ ስትወለድ የክርስቲያኖቹን ድስት ጭልፋ የያዘው ራሱ ነው፤ ማንንም አላስነካም።

እኔ ከአገር ከወጣሁ በኋላ እናቴን መርሳት ጀመራት። መጀመሪያ የድስት ክዳን ጠፋባት፣ ቀጥሎ ቀን ጠፋባት፣ ቀጥሎ የሰው ስም። ዕድሜዋን ሙሉ ጾም ያልሻረች ሴት በዓርብ ቀን ሥጋ አምጡልኝ ትል ጀመር። ወርቅነሽ ልትረዳት መጥታ አብራት ትኖራለች፤ ግን ቀን ጉሊት ውላ ነው የምትገባው። ቀኑን የያዘችው እትዬ መዲና ናት። እንድታደርገው ማንም አልነገራትም። እኔም ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ አንዲትን እስላም የእናቴን ጾም ጠብቂልኝ ብሎ መጠየቅ ከየት ይመጣል? አንድ ረቡዕ የመጀመሪያዋ መልእክት ደረሰችኝ፤ ከዚያ አልተቋረጠችም።

ወርቅነሽ እንደነገረችኝ አያያዟ እንዲህ ነው። ምሳውን በዘይት ትሠራለች፤ የምትሠራው በእኛው ድስት፣ በእኛው ምድጃ ነው፤ የራሷን ዕቃ ወደ እኛ ቤት አታስገባም። ከማጉረሷ በፊት እናቴን ቀና አድርጋ ታስቀምጣትና፣ «እቴ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» ትላታለች። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ ታጣፋለች። ታማትባለች። ፊቷ ይሰበሰባል። እትዬ መዲና፣ እናቴ አማትባ እስክትጨርስ ድረስ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ትጠብቃታለች፤ ከዚያ በራሷ አፍ «ቢስሚላህ» ብላ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ትሰጣታለች። አንድ ጊዜ በቪዲዮ አየኋቸው። እናቴ እኔን በስልኩ አላወቀችኝም፤ የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። ዓርብ መሆኑ ሲነገራት ግን ራሷን አወቀች። ለዚያች ለማማተቢያዋ ያህል እናቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ጎረቤት ሲሰማ አንዳንዱ አልወደደላትም። ከእሷም ወገን፣ ከእኛም ወገን። አሁን አሁን ሰዉ ስልኩ ላይ የሚያነበው ነገር አፉን አምርሮታል። የአንዷ ዘመዷ ልጅ፣ ለካፊር ጾም ዘብ መቆምሽ ነው ወይ ብሏት ነበር። «የሰው አደራ ነው» አለችው። ማን አደራ ሰጠሽ ቢላት፣ «እሷ። ሳትረሳ በፊት» አለችው።

ባለፈው የዐቢይ ጾም እናቴ ክፉኛ ታመመች። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ካልወሰደች አትነሣም አለ። ወርቅነሽ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እኔ ወዲያው ስጧት አልኩ። እትዬ መዲና ስልኩን ተቀበለቻት።

«አንቺ ማነሽና ነው የምታዢ?» አለችኝ።

«ልጇ ነኛ እትዬ።»

«ልጇ ነሽ እንጂ ቄሷ አይደለሽም። ሐኪሙ ሆዷን ያውቃል። ጾሟን ያሰረው ሌላ ነው፤ ይፍታው።»

ተናደድኩባት። እናቴ ልትሞት ነው፣ ይህች ሴት የወሰን ጨዋታዋን ይዛለች አልኩ በልቤ። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ እያፏጨች ወደ ደብሩ ወጣች። ዳገት ነው፤ ለደረቷ አይሆንም። ቅጥሩ አልገባችም፤ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው አያት። እሷን የማያውቅ የለም።

«እትዬ መዲና፣ በሰላም ነው?»

«መምሬ ገብሬን ፈልጌ ነው።»

«ልትጠመቂ መጣሽ?»

«አይ፣ እንቁላል ላስፈቅድ ነው።»

መምሬ ገብሬ የእናቴ የነፍስ አባት ናቸው። መጡ፤ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን ስታስረዳቸው መጀመሪያ እንደሳቁ ራሳቸው ናቸው በኋላ የነገሩኝ። «ፈትቻታለሁ፤ ትብላ» አሏት። ተነሥታ አልሄደችም። «መምሬ፣ እስከ መቼ? ወሰኑን ይንገሩኝ» አለቻቸው። እስኪሻላት አሏት። መሻሏን ማን ይወስናል አለች። አንቺ ወስኚ ቢሏት ወላሂ አላደርገውም አለች። እንዲህ ሆኖ መምሬ በየሰንበቱ ቅዳሴ ሲወጡ ወደ ቤታችን እየመጡ እናቴን ያይዋት ጀመር፤ እትዬ መዲና በር ላይ ቆማ ፍርዱን ትጠብቃለች። ከደብረ ዘይት በኋላ መምሬ፣ በቃ አሁን ትጹም አሉ። በማግስቱ እንቁላሉ ከቤት ወጣ። እናቴ የታከመችው በእንቁላሉ ብቻ አይመስለኝም። በየሰንበቱ መስቀል ተሳልማለች፤ ያለ እትዬ መዲና ዳገት ማን ያን ያህል ይመጣላት ነበር?

ዘንድሮ ብርዱ ሲከፋ ሰዒድ እናቱን ወደ ኮምቦልቻ ይዤ ካልወረድኩ አለ። እዚያ ሙቀት ነው። ለብዙ ዓመት እምቢ ብላዋለች፤ ምክንያቷን እናውቃለን። በዚህ ጊዜ ግን ትንፋሿ አላስቆማት አለ። ከመውረዷ በፊት የላከችልኝን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። ድምፁ ደክሟል። «አብሽሪ አስካለ። ለትንሽ ቀን ነው። የእቴን ረቡዕና ዓርብ ለሰው አደራ ብያለሁ።» ይኸው ነው። እኔ መልሼ፣ ለማን ነው አደራ ያልሽው እትዬ፣ ብዬ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም። የሄደችበት ሳምንት ረቡዕ፣ ያ ያረፈችበት ረቡዕ ነው።

ሰደቃው የተበላው ዓርብ ነው። ወርቅነሽን በመጨረሻ እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት፤ አልቅሳ ነገረችኝ። እሷ ጠዋት ለቅሶ ደርሳ ወደ ጉሊቷ ወረደች። እናቴን ሰዎች መጥተው ደግፈው ወደ እትዬ መዲና ቤት ወሰዷት፤ ማን እንደሆኑ አላየችም። ድንኳኑ ሙሉ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። በሬ ታርዷል። ለክርስቲያኑ ለብቻ ድስት ተጥዶ እንደሆነ አታውቅም። ማታ ስትገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ወዝቷል፤ ጠግባለች። ምን በላሽ ብትላት፣ «መዲና አበላችኝ» አለቻት።

ይህች ቃል ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። ወርቅነሽ፣ ያው ረስታ ነው፣ የሞተችዋን እየጠራች ነው ትለኛለች። ይሆናል። የከንፈሯም ወዝ የሥጋ ቅባት ይሆናል፤ የምስር ወጥ ዘይትም ይሆናል። በስልክ ወዝ አይለይም። በልታ እንደሆነ እግዚአብሔር በእሷ ላይ እንደማይቆጥረው አውቃለሁ፤ መምሬም ነግረውኛል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የበላችው አይደለም። «እቴ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» የሚላት ሰው ከሌለ፣ እናቴ የምትመለስባት ያች ትንሽ በር ተዘጋች ማለት ነው። ከእንግዲህ ሁሉ ቀኗ አንድ ቀን ነው። እኔም ስልክ ብደውል የማገኘው «ደህና ናት»ን ብቻ ነው።

ግን ደግሞ አስባለሁ። እናቴ የሰው መልክ ከረሳች ቆይታለች። እትዬ መዲናን የምታውቃት በመልኳ አልነበረም፤ በምታደርግላት ነበር። ቀና አድርጋ አስቀምጣ ቀኑን የምትነግራት፣ እስክታማትብ የምትጠብቃት፣ ያች ናት ለእሷ መዲና። እንግዲህ «መዲና አበላችኝ» ካለች፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ተጨናንቆ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያን አድርጎላት ይሆን?

ስለዚህ በዚያ ዓርብ ሆጤ እትዬ መዲና ቤት ለቅሶ የነበራችሁ ሁሉ፣ የማውቃችሁም የማላውቃችሁም፣ እባካችሁ። በነጠላዋ ተሸፋፍና፣ ምናልባት ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት ክርስቲያን ተቀምጣ አይታችኋል? ዘነቡ ነው ስሟ። ከየትኛው ድስት በላች? ያጎረሳት ማነው? ሥጋውን በልታ እንደሆነም ንገሩኝ፤ አልቀየምም፣ ንስሐውን እኔ እይዝላታለሁ። ብቻ ደህና ናት አትበሉኝ።

የእትዬ መዲናን አደራ የተቀበልሽው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ፣ እስላም ሁኚ ክርስቲያን፣ ስምሽን ባትነግሪኝም ግድ የለም። ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ በሩ ቀን አይቆለፍም። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው። ብቅ በይና ንገሪያት።